ባለጎማዋ ቤት በሾላው ሥር

የቀበሌያችን ጸሐፊ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀን።

«የጉዞው ምክንያት?»

«ለመዘዋወር» አለ ባለቤቴ።

«ከየት ወዴት?»

«ከወልድያ ወደ መርሳ፣ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ። እግረ መንገዳችንን እያየን።»

«ምኑን?»

«አገሩን ነዋ!»

ጸሐፊው ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ ዞረ። «ጓዲት፣ እስቲ እርስዎ ያስረዱኝ። መርሳን አያውቋትም?»

«አውቃታለሁ።»

«ውርጌሳንስ?»

«በአውቶቡስ አልፌባታለሁ።»

«ታዲያ የምታውቁትን አገር ለማየት ነው ይለፍ የምትጠይቁኝ?»

ያን ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበር። በቅጹ ላይ ደግሞ ለጉዞ ምክንያትነት የተፈቀዱት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ለሥራ፣ ለሕክምናና ለቤተሰብ ጉዳይ። ጸሐፊው በጣቱ እያሳየ አንድ በአንድ አነበበልንና፣ ለሥራ እንደማንሄድ፣ እንዳልታመምንም ካረጋገጠ በኋላ «ቤተሰብ ናችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ባልና ሚስት ነን፤ አንተው መዝግበኸናል» አለው ባለቤቴ።

«ጉዳይስ አላችሁ?»

«አለን እንጂ!» ብሎ ባለቤቴ ሳቀ። ጸሐፊውም ሳቀና «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

እኔ አልሳቅኩም። ጉዳይ ነበረኝ። አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከደረሰኝ ሰባተኛ ቀኔ ነበር። በወልድያ የግብርና ቢሮ ውስጥ አፈር ስመረምር ብዙ ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ መሣሪያዎቼም አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ብልቃጦችና በየሁለት ቀኑ የሚጠፋ መብራት ነበሩ። ደብዳቤው ወደ ዋናው ቤተ ሙከራ እንድዛወር እንደታሰበ ይገልጽና መቀበል አለመቀበሌን ከዓመት ፈቃዴ ስመለስ በጽሑፍ እንዳሳውቅ ያዛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስመኘው የነበረ ቦታ ነው። ባለቤቴ ግን በወልድያ የእንጨት ሥራ መምህር ነበር፤ መምህር በዚያ ዘመን የሚሄደው መንግሥት ወደ መደበው ቦታ እንጂ ሚስቱ ወደ ሄደችበት አይደለም። እቀበላለሁ ማለት ከእሱ ተለይቼ ለመኖር እስማማለሁ ማለት ነበር። አልቀበልም ማለት ደግሞ ያ ዕድል ዳግመኛ አይመጣም ማለት ነበር። ይህን ሁሉ ለእሱ አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ዛሬም በትክክል ማስረዳት አልችልም። ምናልባት መኪናዋን በመጨረስ ላይ ስለነበረ ይሆናል።

መኪናዋ የሟች አጎቱ ነበረች፤ ሳሙናና ዘይት ያመላልሱባት የነበረች፣ ካሶኒዋ በቆርቆሮ የተዘጋ ትንሽ የጭነት መኪና። ባለቤቴ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ውስጥ እየገባ ሲመታ፣ ሲልግ፣ ሲለካ ያመሽ ነበር። በግራና በቀኝ ሁለት ጠባብ አልጋዎች ሠራ፤ መካከሉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ ስለነበረ ሰፊ አልጋ አይገባበትም። ለድስትና ለብርጭቆ መደርደሪያ አበጀ፤ በቆርቆሮው ላይ መስኮት ቀደደና እኔ መጋረጃ ሰፋሁለት። ለእኔ ብሎ ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር ላላወቀው ሰው የማይታይ መሳቢያ ሠራልኝ። ከኋላዋ ሁለት ብስክሌቶች የሚንጠለጠሉበት ማቀፊያ ነበራት። የነዳጅ ኩፖናችን ሩቅ ስለማያስኬድ ዕቅዱ መኪናዋን አንድ ቦታ አቁሞ በአካባቢው በብስክሌት መዘዋወር ነበር። ምን ቢታጠብ ግን የሳሙናው ሽታ ከውስጧ አልወጣም።

ይህ ሁሉ ሐሳብ የመጣው ከአንድ ሥዕል ነው። በትምህርት ቤቱ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ትቶት በሄደው አሮጌ መጽሔት ውስጥ፣ አንድ ነጭ ባለጎማ ቤት በብርቱካን ዛፎች መካከል ቆሞ ይታያል። ከኋላው ሁለት ብስክሌቶች ተሰቅለዋል፤ ከፊቱ ሁለት ነጭ ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ቦታው ደቡብ ስፔን እንደሆነ ይናገራል። ባለቤቴ ያን ገጽ ቀዶ በደብተር ውስጥ ያኖረው ነበር። «ብርቱካን እንደሆነ መርሳም አለ» ይለኛል። «ሻይም አለ። የቀረን መኪናዋ ብቻ ናት።»

የአጋማሽ ዓመት ዕረፍቱ ሲደርስ በአንድ የጥር ማለዳ ከወልድያ ወጣን። ከክፉው ድርቅ በፊት ባሉት ዓመታት ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ነበር። በሲሪንቃ በኩል ስናልፍ ከመንገዱ ዳር የሙከራ እርሻዎቹን መደቦች፣ ምልክት የተጻፈባቸውን ትንንሽ ጣውላዎች አየሁ። ዓይኔ ሳላዝዘው መደቦቹን ሲቆጥር አገኘሁት። ባለቤቴ እየዘፈነ ነበር የሚነዳው። እኔ የምይዘው ቀይ ደብተር ውስጥ፣ ቤተ ሙከራ በለመድኩት ሥርዓት፣ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን «ብሄድ»፣ በሌላው «ብቀር» ብዬ ጽፌ ነበር። ደብተሩን ከደብዳቤው ጋር በድብቁ መሳቢያ አስቀምጬዋለሁ። «ብሄድ» የሚለው ዓምድ ሞልቷል። «ብቀር» ከሚለው ሥር ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

መርሳ የደረስነው ገበያው ሲደምቅ ነው። መኪናዋን ከአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ አቁመን ብስክሌቶቹን አወረድን። እኔ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ ነበር፤ ብስክሌት መንዳትንም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተለማምጄ ነበር። ለገበያ ግን የተለማመድኩት ነገር አልነበረም።

«ኧረ እዩልኝ! ሴትዮዋ ብረት ላይ ወጣች!»

«ባሏ በቅሎ አጥቶ ነው?»

«ዝም በል፣ ይቺኛዋ ገለባ አትጠይቅም!»

«ወንድሜ፣ ለምን አንዱ ላይ አታፈናጥጣትም? ተጣልታችሁ ነው?»

ባለቤቴ ለሁሉም እጁን እያወዛወዘ ያልፋል። እኔ ቀጥ ብዬ ወደ ፊት እያየሁ ፔዳሌን እረግጣለሁ፤ አንዲት በርበሬ ሻጭ ጆንያዋን ከመንገዴ ስባ «እለፊ እናቴ፣ አላህ ይርዳሽ!» አለችኝ፤ ከልቧ ይሁን ከስላቅ አልለየሁም። ያን ዕለት የምሰማውን ነገር ትርጉሙን መለየት የተሳነኝ መጀመሪያ እዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደን፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አገኘን። ከሾላው ጀርባ በመስኖ የሚጠጣ የብርቱካን አትክልት ነበር፤ ፍሬው ደርሶ ቅርንጫፎቹን አጉብጧል። ባለቤቴ መኪናዋን ከጥላው ሥር አስገብቶ ወረደና የመጽሔቱን ገጽ ከደብተሩ አወጣ። ሥዕሉን አየ፣ ቦታውን አየ፤ ከዚያም መኪናዋን ትንሽ ወደ ግራ አዞራት፤ ልክ እንደ ሥዕሉ እንድትሆን። ከሾላው ግንድ ዙሪያ ለስላሳ ድንጋዮች በግማሽ ክብ ተደርድረው ነበር። «ወንበርም አዘጋጅተውልናል!» አለ። ላምባ ምድጃችንን አቀጣጥለን ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠን ሻይ አፈላን።

ከአትክልቱ በኩል አንዲት እናት መጡ። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ብርቱካኑም የእሳቸው ነበር። ጥቁር ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረዋል፤ በእጃቸው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወተት ይዘዋል።

«ከየት መጣችሁ ልጆቼ?»

«ከወልድያ ነው እናቴ።»

«ያ አላህ! ከወልድያ ድረስ? ወልድያ ሾላ ጠፍቶ ነው?»

ባለቤቴ ስለ ጥላው የሚያወሩ መስሎት «እንደዚህ ያለ የለም!» አላቸው። እሳቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግቡ፣ ቤት ግቡ። ይኸን ጠጡና ግቡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ አሁን በላን። የምናድረውም እዚሁ ነው፤ ቤታችንን ይዘን ነው የመጣነው።»

«ቤታችሁን?» መኪናዋን ዞረው አዩአት። በተከፈተው በር ራሳቸውን አስገብተው ውስጡንም ተመለከቱ። «አልጋችሁም ሁለት ነው!» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከዚያ ባለቤቴን ትተው እኔን ብቻ አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ልብስሽን ሁሉ ይዘሽ ነው የወጣሽው?»

ጥያቄው ቢያስገርመኝም በትክክል መለስኩ። «የሚያስፈልገኝን ሁሉ ይዣለሁ።»

«ልጅስ?»

«ገና ነን።»

«እህ…» አሉና ወተቱን ከድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ሄዱ። እንግዳ ተቀባይ ሴት ናቸው አልን፤ ግብዣቸውን በትሕትና እንደመለስነውም አሰብን። ወተቱን ጠጣን።

በማግሥቱ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ በግማሽ ክብ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱም ባዶ አልነበረም። ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ወደ መኪናዋ በር ይመለከታሉ። ከጀርባቸው የአካባቢው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ቆሟል፤ ትናንት ወተት ያመጡልን እናት ደግሞ ትንሽ ራቅ ብለው ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴን ቀስቅሼ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ ወረድን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ?» አሉ በመካከል የተቀመጡት፣ መቁጠሪያ የያዙ አዛውንት። በዚያ አካባቢ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው እንደሆኑ ቆይቶ ነው የሰማነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ እንዴት አደራችሁ?»

ሊቀ መንበሩ ቀደም ብሎ «ጓዶች፣ ወረቀት አላችሁ?» አለ። ባለቤቴ ይለፋችንን ሰጠው። ሊቀ መንበሩ ፊደል በፊደል እየተራመደ አነበበ። «ለ… ቤተ… ሰብ… ጉዳይ።» ቀና አለና ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «ይኸው! ራሳቸው አስጽፈው መጥተዋል!»

ሽማግሌዎቹ በአንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ባለ መቁጠሪያው። «ደጅ ጠንታችኋል፤ እኛም ሰምተን መጥተናል። ማን ይጀምር?»

«ምኑን ነው የምንጀምረው አባቴ?» አለ ባለቤቴ።

«ጠቡን።»

«ጠብ የለንም።»

ከዳር የተቀመጡት፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ ያሰሩ ሽማግሌ ሳቁ። «ባል ሁሌም የሚለው ይኸንኑ ነው። እኔም በጊዜዬ ብያለሁ።»

«እንዴ፣ አንቱ ደግሞ ያኔ እውነትዎን ነበር?» ሲል ከጎናቸው ያለው ጎነተላቸውና ሰባቱም ሳቁ።

ነገሩን ያስረዱን እናቲቱ ናቸው። በዚያ አገር ባሏ የበደላት ሴት፣ ወይም ከወንድሙ የተቀያየመ ወንድ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ አንድም ቃል ሳይናገር ጓዙን ይዞ ሾላው ሥር ይቀመጣል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ለምኗል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው እስኪሰሙት ማንም አያስነሣውም፤ ከመጡ በኋላ ደግሞ ቃሉን ሳይሰጥ አይነሣም። እኛ አልጋችንን፣ ምድጃችንን፣ መጋረጃችንን ጭነን ነው የመጣነው። «ብዙ ሰው ሲጣላ አይቻለሁ» አሉ እናቲቱ፤ «ቤቱን ነቅሎ የመጣ ግን አላየሁም።»

ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ እኔ እሱን አየሁት። ከዚያ የሚያድነን ነገር እንዳገኘ ሰው ሮጦ ገባና የመጽሔቱን ገጽ ይዞ ወጣ። ለባለ መቁጠሪያው ሰጣቸው። «ይኸውላችሁ፤ እንዲህ እንደነዚህ ለመሆን ነው። ለሽርሽር ነው።»

አዛውንቱ ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አቅርበው፣ ከዚያ አርቀው፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከሰው ወደ ሰው ዞረ።

«ሽበታሞች ናቸው» አሉ ባለ ማተቡ። «በዚህ ዕድሜያቸው ሜዳ ላይ? ልጆች የላቸውም?»

«ይኖራቸዋል፤ አገር እያዩ ነው» አለ ባለቤቴ። «ቦታው ስፔን ይባላል።»

«አገራቸው ነው?»

«አይደለም መሰለኝ፤ ከሌላ አገር መጥተው ነው።»

«አይ መከራ! ተጣልተው ሰው አገር ድረስ?» ባለ መቁጠሪያው ሥዕሉን መልሰው በእጃቸው ያዙትና በእውነተኛ ጭንቀት ጠየቁ። «እነዚህስ ታረቁ?»

መሳቅ ነበረብኝ። ግን ወደ ሥዕሉ ጠጋ አልኩ። ሁለቱን ነጭ ሽማግሌዎች ከስንት ጊዜ በኋላ እንደገና አየኋቸው፤ ወንበሮቻቸው ጎን ለጎን ቢሆኑም ሴትዮዋ ወደ አንድ ወገን፣ ሰውዬው ወደ ሌላ ወገን ነበር የሚያዩት። ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋልኩም ነበር። ታርቀው ይሆን?

ሥርዓቱ ሁለቱን ለያይቶ መስማት ስለሆነ ባለቤቴን ከአራቱ ሽማግሌዎች ጋር ወደ አትክልቱ ላኩት። እኔ ከባለ መቁጠሪያው፣ ከባለ ማተቡ፣ ከሌላ አንድ ሽማግሌና ከእናቲቱ ጋር ቀረሁ።

«በይ ልጄ» አሉ አዛውንቱ። «መታሽ?»

«አልመታኝም፤ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ሌላ ሴት?»

«የለችም። መኪናዋ ካልተቆጠረች በቀር» አልኩ፤ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። እናቲቱ ሳቁና እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሸካራ፣ የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት ነበር። የምቆጥብ ሰው ነኝ፤ ለእናቴ እንኳ የማላወጣውን ነገር ለባዕድ አላወጣም። ግን የሚጠይቁኝ ሰዎች ለመስማት እንጂ ለሌላ አልመጡም፤ የሚነሡበት ሰዓትም አልነበራቸውም። ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። ስለ ቤተ ሙከራው፣ እሱ መከተል ስለማይችል መለየታችን እንደማይቀር፣ ፈቃዴ ሲያበቃ መልስ መስጠት እንዳለብኝ ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገርኩ።

አዛውንቱ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «እሱ ምን አለ?»

«አልነገርኩትም።»

«አልነገርሽውም!»

«አዎ።»

«ታዲያ ገና አልተጣላችሁም?»

«አልተጣላንም። ባለቤቴም እንዲያ ነበር ያላችሁ።»

አዛውንቱ ወደ ባለ ማተቡ ዞሩ። ባለ ማተቡ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ስሸመግል ኖሬያለሁ፤ ከጠቡ ቀድሜ ደርሼ ግን አላውቅም። አሁን ምን ይባላል?»

«ብትነግሪው ትጣላላችሁ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«አላውቅም።»

«ቢጣላሽ ትሄጃለሽ?»

«አላውቅም።»

«ባይጣላሽስ?»

ሳይጣላኝ የምሄድበትን መንገድ በዘጠኙ ቀን ውስጥ አንዴም አላሰብኩትም ነበር።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በሹክሹክታ ተማከሩ። ውሳኔያቸው አጭር ነበር። ገና ያልተነሣ ጠብ ማስታረቅ አይችሉም፤ የመጣን ሰው ሳይናገር ማስነሣትም አይችሉም። ስለዚህ አሁኑኑ፣ እዚሁ እነሱ ባሉበት ልነግረው ይገባል። ከተጣላን ለማስታረቅ ዝግጁ ናቸው።

ባለቤቴን ከአትክልቱ ጠሩት። አራቱ ሽማግሌዎች ከእሱ ምንም እንዳላገኙ ፊታቸው ይናገራል፤ እሱ ብርቱካን እየላጠ ነበር የመጣው። ቆሜ ነገርኩት። ስጀምር ብርቱካኑን መላጥ አላቆመም፤ «ዘጠኝ ቀን» ስል አቆመ።

«ደብዳቤው የት አለ?»

«መሳቢያው ውስጥ።»

«የትኛው መሳቢያ?»

መልስ አልጠበቀም፤ ገብቶ ይዞት ወጣ። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ። ከዚያ ከሥሩ የነበረውን ቀይ ደብተር ከፈተ። ልከለክለው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን በሰባት ሽማግሌዎች ፊት ደብተር መንጠቅ ምን ይባላል? «ብሄድ» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሌላው ዓምድ ተሻገረ። እዚያ የተጻፈው አንድ መስመር «መኪናዋ ገና አላለቀችም» የሚል ነበር።

ለምን እንዲያ እንደጻፍኩ ዛሬ ብጠየቅ፣ ልጽፈው የፈለግኩት ሌላ ነገር እንደነበረና እሱን የሚገልጽ ቃል በሠንጠረዥ ውስጥ አልገባ እንዳለኝ እመልሳለሁ። ያን ጊዜ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ባለቤቴ ደብተሩን ዘጋ። መኪናዋን አየ፤ መስኮቷን፣ መጋረጃዋን፣ ከኋላዋ የተሰቀሉትን ሁለት ብስክሌቶች። «አሁንማ አለቀች እኮ» አለ።

«ምን አለ?» አሉ ባለ ማተቡ።

«ትሂድ ብያለሁ» አለ ባለቤቴ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለእነሱ። «ሥራዋ ነው። ትሂድ። እኔ በየዕረፍቱ እሄዳለሁ፤ እሷም ትመጣለች።»

ተቆጥቶ ነበር? ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ለፍቅር ብሎ ነበር? ፊቱ ላይ እሱም አልነበረም። ወረቀት ላይ የሰፈረ የምርመራ ውጤት አንብቤ ምን ማለት እንደሆነ እናገራለሁ፤ አምስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ፊት ግን በዚያ ጠዋት ማንበብ አልቻልኩም።

ከሁላችንም ይልቅ ግራ የገባቸው ሽማግሌዎቹ ነበሩ። «እኛ የምናስታርቀው በአንድ ቤት እንዲኖሩ ነበር» አሉ ባለ መቁጠሪያው። «እናንተ ለመለያየት ነው የተስማማችሁት?»

«እንዲያ ነው መሰለኝ አባቴ» አለ ባለቤቴ።

«ታዲያ ምን ብዬ ነው ዱዓ የማደርገው?»

ባለ ማተቡ «አንቱ ጀምሩት፤ ፈጣሪ ያውቅላቸዋል» አሏቸው። አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። መንገዳችሁን ያቅናው አሉ፣ ቤታችሁን ያቁመው አሉ፤ «ቤታችሁን» ሲሉ ግን ዓይናቸው ለአፍታ ወደ መኪናዋ ሄዶ ተመለሰ። «አሚን!» አልን። ባለ ማተቡም በስመ አብ ብለው በበኩላቸው ደገሙት። ባለቤቴ የላጠውን ብርቱካን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። እጄ ላይ ይዤው ቆየሁ።

ታርቆ የተነሣ ሰው ደግሞ ሾላው ሥር ዳግመኛ አያድርም፤ ጣሪያ ሥር ገብቶ ማደር አለበት። ስለዚህ ያን ቀን በእናቲቱ ቤት ዋልን፣ በላን፣ በአንድ መደብ ላይ አደርን። መኪናዋ ባዶዋን ቆማ አደረች። በማግሥቱም እናቲቱ አንድ ኬሻ ብርቱካን ጫኑልን፤ ውርጌሳን ሳናይ መኪናዋን ወደ ወልድያ አዞርናት። በመንገድ ላይ ባለቤቴ አልዘፈነም፤ አላኮረፈም። አንድ ጊዜ ብቻ «ያ መሳቢያ ጥሩ ይንሸራተታል?» ሲል ጠየቀኝ። «ጥሩ ይንሸራተታል» አልኩት።

ሊቀ መንበሩ በይለፉ ጀርባ ላይ «ጉዳያቸው በሽማግሌ ታይቶ አልቋል» ብሎ ጽፎበት ነበር። የቀበሌያችን ጸሐፊ አንብቦ በድል አድራጊነት ፈገግ አለ። «ይኸው! ጉዳይ እያላችሁ፣ አገር ልናይ ነው እያላችሁ ታደክሙኛላችሁ።»

መልሴን ጻፍኩ፤ ተቀብያለሁ አልኩ። በመጋቢት አዲስ አበባ ገባሁ። ቤተ ሙከራው እንዳሰብኩት ነበር፤ ሚዛኑ ትክክለኛ ነው፣ መብራቱ አይጠፋም። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ስቀመጥ፣ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማገኘው መልስ ከቀን ቀን ይለያያል። ባለቤቴን በደብዳቤ «ያኔ ትሂድ ስትል ምን ማለትህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ተቆጥቼ ነበር ሲል መለሰ። በሚቀጥለው ደብዳቤው ደግሞ አልተቆጣሁም፣ በሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው አለ። ሁለቱንም ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ መረመርኳቸው። የእጅ ጽሑፉ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር።

በክረምት ፈቃድ አግኝቼ በአውቶቡስ ወደ ወልድያ ሄድኩ። ከውርጌሳ ካለፍን በኋላ በቀኝም በግራም እያየሁ ሾላውን ጠበቅኩት። ከሥሩ አንዲት ሴት ጓዟን በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ድንጋዮቹ ገና ባዶ ናቸው። አውቶቡሱ አለፈ። ከጎኔ የነበረ መንገደኛ «ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ምን ሆና ነው እዚያ የተቀመጠችው?» አለ፤ እኔ ሾላው እስኪሰወር ወደ ኋላ እያየሁ ነበር።

ግቢያችን ስደርስ የመዶሻ ድምፅ ተሰማኝ። ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ ነበር። ሁለቱን አልጋዎች ነቅሎ ወደ ውጭ አውጥቷቸዋል፤ መተላለፊያውን አጥፍቶ አንድ ሰፊ አልጋ ለማስገባት እየለካ ነበር። ሊገባለት እንደማይችል ከዓመት በፊት ራሱ ለክቶ ያረጋገጠውን።

«አለቀች ብለህ አልነበረም?» አልኩት።

«አላለቀችም» አለ፤ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ሳያወርድ።

የመዛወሪያ ማመልከቻዬን ወደ አዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ ሞላሁ፤ ከዋናው ቤተ ሙከራ ወደ ወልድያ፣ ወደዚያው ወደሚጠፋው መብራት። ቅጹ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ሥር ግማሽ መስመር ብቻ ነበር የተተወው። በሌላ ወረቀት ላይ በመስመር ለሁለት ከፍዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ወረቀቱን ትቼ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ እሱ ስለሆነ ይሁን፣ ወይስ ቅጹ ሌላ ቃል ስለማይችል፣ ያን ጊዜ አልለየሁም፤ ከፈረምኩ በኋላም አልለየሁም።